ጻድቃኔ ማርያም ለመግባት እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ ያለሁት ሸዋሮቢት ነው፣ የተከራየሁበት ግቢ ከሰዓት ጫት ማታ ማታ አረቄ ነው፣ ጠዋት በሬን ስከፍት ገራባው ደጄ ላይ ተከምሮ ነው የማገኘው፣ ተውኩ ባልኩ ቁጥር ደሞ አንዱ መጥቶ ያንኳኳል። እዚህ ሆኜ አልድንም፣ ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ንስሐ ገብቼ ልጠመቅ ቆርጫለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ በሰላ ድንጋይ አድርጎ ነው፣ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሐኪም ለጭንቀት ያዘዘልኝን ኪኒን ጸበል ስትገባ አቁመው የሚሉኝ አሉ፣ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለው አስተምረዋል፣ እኔም ማቆም አልፈልግም። በባዶ ሆድ ስትጠመቁ መድኃኒታችሁን መቼ ነበር የምትወስዱት? ብቻውን ለሚመጣ ሰውስ ማደሪያ ይገኛል? ከሱባኤ በኋላ እዚህ ግቢ እንዳልመለስ ደብረ ብርሃን የቀን ስራና ርካሽ ቤት የምታውቁም ካላችሁ በእመቤቴ ስም ንገሩኝ።