ሕመሜን ለንስሐ አባቴ እንዴት ላስረዳቸው?
ወንድሞችና እኅቶች፣ ምክራችሁን የምጠይቀው በጭንቅ ውስጥ ሆኜ ነው። ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ስሜትን የሚያረጋጋውን ሊቲየም የሚባል መድኃኒት በየቀኑ እወስዳለሁ። ስሜቴ ከፍ ባለበት ጊዜ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ስጸልይ አድሬ፣ የእናቴን የወርቅ ሐብል ሳላስፈቅዳት ለስእለት ሰጥቻለሁ፤ ያን ጊዜ መንፈስ ቅዱስ የጎበኘኝ መስሎኝ ነበር። ድብርቱ ሲመጣ ደግሞ ነጠላዬን አጣፍቼ ከበሩ እደርስና መዝጊያውን መክፈት ያቅተኛል፤ «አቡነ ዘበሰማያት»ን እንኳ እስከ መጨረሻው ማድረስ አልችልም።

አሁን ያስጨነቀኝ ዐቢይ ጾም ነው። 55ቱን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ መጾም ከልጅነቴ የለመድኩት ነው፤ ሐኪሜ ግን ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጥረው ሊቲየም በደም ውስጥ ተከማችቶ ሊመርዝ እንደሚችል አስጠንቅቀውኛል። አክስቴ በበኩሏ ጸበል ተጠምቄ እስክጨርስ ክኒኑን እንድተው ትለምነኛለች። በፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዐምና ግን ሰምቻት አቁሜ በወሩ ሆስፒታል ገባሁ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሞትን በለመነ ጊዜ መልአኩ እንጎቻና ውኃ እንዳቀረበለት ሳነብ አለቅሳለሁ፤ እኔ ውኃ ብጠጣ ለምን ኃጢአት ይሆንብኛል?

መድኃኒት እየወሰዳችሁ የምትጾሙ ወይም ጸበሉንና ክኒኑን አንድ ላይ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ንስሐ አባታችሁን በምን ቃል እንዳስረዳችኋቸው እባካችሁ ንገሩኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላነጋግራቸው ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከምን እንደምጀምር ግን አላውቅም።