ሃክና ጂም እውነት ጓደኛሞች ናቸው?

መምህር ዘማርቆስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማሪዎች ጋር መጽሐፍ እናነባለን። አሁን የያዝነው የማርክ ትዌይንን ሃክልቤሪ ፊን ነው። የጂም አነጋገር በእንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ወደውታል። ከሰካራም አባቱ ዱላ የሸሸው ልጅ ሃክና ሊሸጡት ሲሉ ያመለጠው ባሪያ ጂም፣ ግንድ በግንድ በታሰረች ታንኳ ሌሊት ሌሊት ሚሲሲፒን ሲወርዱ ማን ይጠላል? ወደ ካይሮ ነው የሚሄዱት ስላቸው ግማሾቹ በዓባይ ወርደው ግብፅ የሚገቡ መስሏቸው ነበር። (ኢሊኖይ ውስጥ ያለች ሌላ ካይሮ ናት።)

ጭቅጭቁ የተነሳው ምዕራፍ 16 ላይ ነው። ጂም ነጻ ልወጣ ነው ብሎ ሲፈነጥዝ ሃክን ኅሊናው ይቆረቁረዋል። ግን በተገላቢጦሽ ነው፤ ምንም ያልበደለችኝን የሚስ ዋትሰንን (የጂም እመቤት ናት) ንብረት አስመለጥኩባት ብሎ! ከዚያ ሊያሳብቅበት በትንሿ ጀልባ ይወጣል። ጂም ከኋላው እየጮኸ፣ እንዳንተ ያለ ጓደኛ ኖሮኝ አያውቅም፣ አሁንም ያለኸኝ አንተ ብቻ ነህ ይለዋል። የሃክ ወኔ እዚያ ላይ ፍስስ ይላል። ያመለጡ ባሮች የሚፈልጉ፣ መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ሲያገኙት ታንኳዋ ላይ የፈንጣጣ በሽተኛ ያለ ያስመስላል፤ እነሱም ደንግጠው እያንዳንዳቸው 20 ዶላር ወርቅ በእንጨት ላይ አድርገው ሰደውለት ይሸሻሉ።

አንዷ ተማሪ «ሊያሳብቅበት የቀዘፈ ልጅ ምኑ ጓደኛ ነው?» አለች። አንዱ ደግሞ «አላሳበቀማ!» አላት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እናንተስ? ደግሞ ሌላ የጠየቁኝ፦ ከወንዙ ማዶ ያለው ኢሊኖይ ባርነት የሌለበት ግዛት ከሆነ ለምን ዝም ብለው አይሻገሩም ነበር?

ጣና ዳር፦

ከሁለተኛው ልጀምር፣ እሱ ይቀላል። ኢሊኖይ በወረቀት ነጻ ግዛት ነው እንጂ ለጂም መሸሸጊያ አይሆንም። በ1793 (እ.ኤ.አ. ነው) የወጣው የፌዴራል ሕግ ባሪያ ወደ ሌላ ግዛት ቢሸሽም ጌታው ተከትሎ እንዲይዘው ይፈቅዳል። ኢሊኖይ ራሱ ጥቁር ሁሉ የነጻነት ወረቀት እንዲያሳይ የሚያስገድድ ሕግ ነበረው። በዚያ ላይ ሃክ የሸሸው የተገደለ አስመስሎ ስለሆነ፣ ጂም ሃክን ገድሏል ተብሎ ይፈለጋል፤ ለያዘው 300 ዶላር ተቆርጧል። ስለዚህ ያሰቡት ካይሮ ሲደርሱ ታንኳዋን ሸጠው በእንፋሎት መርከብ የኦሃዮን ወንዝ ሽቅብ ወጥተው መራቅ ነበር። በጉም ምክንያት አለፏት። ከዚያ በኋላ ወንዙ የሚወስዳቸው ባርነቱ ወደ ጠናበት ደቡብ ነው።

ስለ ጓደኝነቱ፣ መምህር፣ ምዕራፍ 15ን ይድገሙላቸው። ጉሙ ለያይቷቸው ሲገናኙ ሃክ «ሕልም ነው ያየኸው» ብሎ ያሞኘዋል። ጂም ሲነቃበት፣ ጓደኛውን የሚያሳፍር ሰው ቆሻሻ ነው አለው። ባሪያ ለነጭ ልጅ! ሃክ ሄዶ ይቅርታ ለመጠየቅ 15 ደቂቃ ፈጀበት፣ ግን ጠየቀ። ለኔ ጓደኝነታቸው የተጀመረው እዚያ ነው። በዚያ አገር ነጭ ባሪያን ይቅርታ አይጠይቅማ።

የሞጣዋ አንባቢ፦

እኔ ከልጅቷ ጋር ነኝ። ሁሌ የምናወራው ስለ ሃክ ኅሊና ነው፤ ጂምስ ምን እያሰበ ነበር? ጂም እኮ ልጅ አይደለም፤ ሚስትና ልጆች ያሉት አባወራ ነው። ሕይወቱ በ13 ወይም 14 ዓመት ልጅ አፍ ላይ ተንጠልጥላለች። ያ ልጅ ፊቱ ተለዋውጦ ጀልባ ሲያስነሳ ጂም ምንም አልጠረጠረም ትላላችሁ? «ያለኸኝ ጓደኛ አንተ ብቻ ነህ» ያለው ወዶትም ሊሆን ይችላል፣ ነፍሱን ለማትረፍም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ባሪያ ሆኖ ያደገ ሰው የጌቶቹን ፊት ማንበብ ካልቻለ አይቆይም።

ደግሞ ጎርፍ ይዞት በመጣው ቤት ውስጥ ያገኙት ሬሳ የሃክ አባት ነበር። ጂም ፊቱን ሸፍኖ ዝም አለ፤ የነገረው መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ነው። አንዳንዱ ለልጁ አዝኖ ነው ይላል። እሺ። ግን ሃክ አባቱ መሞቱን ቢሰማ ኖሮ የሚሸሽበት ምክንያት አልነበረውም፤ ቤቱ ይመለስና ጂም ብቻውን ይቀር ነበር። ይህን የምለው ጂምን ለመክሰስ አይደለም። እኔም ብሆን ዝም ነበር የምለው።

እኔን ያስለቀሰኝ ሌላ ቦታ ነው። ጂም ትንሿን ልጁን በሩን ዝጊ ሲላት ዝም ብላ ስታየው በጥፊ መታት። ለካ ከሕመሟ ስትነሳ መስማትና መናገር አቅቷት ኖሯል። ይህን ሊነጋጋ ሲል ለሃክ የሚያጫውትበትን ገጽ ሳያነቡላቸው እንዳያልፉ።

የዳሞት ልጅ፦

ስለ መጨረሻው ማንም ምንም አላለም እኮ! ጂም ተይዞ ከታሰረ በኋላ የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየር ሲመጣ መጽሐፉ ይበላሻል። ሚስ ዋትሰን ከሞተች ሁለት ወር ሆኗታል፣ በኑዛዜዋ ጂምን ነጻ አውጥታዋለች፣ ቶም ይህን ያውቃል። እያወቀ ጂምን እንደታሰረ አቆይቶ፣ እባብና አይጥ እያስገባበት፣ ማምለጥ ጨዋታ ይጫወትበታል። በመጨረሻ ቶም እግሩን በጥይት ተመታ፤ ጂም ደግሞ ነጻነቱን ጥሎ ሐኪሙን ሲያግዝ ተያዘ።

አንዳንዶች ደራሲው ሆን ብሎ ነው ይላሉ። መጽሐፉን የጀመረው በ1876 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ አሜሪካ የታተመው በ1885። ባርነት በ1865 በሕግ ቀርቷል፣ ግን የፌዴራሉ ጦር በ1877 ከደቡብ ሲወጣ ጥቁሮቹ ያገኙትን መብት መልሰው ይነጠቁ ጀመር። እና ነጻ የወጣን ሰው አስሮ «ነጻ ላውጣህ» ማለት ስላቅ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል። ለኔ ግን ያን ያህል ምዕራፍ አይገባውም ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ሁለቱ ሰዎች የሰጡት ወርቅ ሲደመር 40 ዶላር ነው። በመንገድ የተቀላቀላቸው «ንጉሥ» ነኝ ባይ አጭበርባሪ ጂምን አሳልፎ የሰጠው በ40 ዶላር ነው። ቶም «በትዕግሥት ታሰርክልን» ብሎ ለጂም የሰጠውም 40 ዶላር ነው።

አያ ባሶ፦

ልጆች፣ የሩቅ አገር ወሬ አታድርጉት። እኔ የይጁቤ አካባቢ ሰው ነኝ። የባሶ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣ ባሪያ ይሸጥበት ነበር፤ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎጃም የነበረው እንግሊዛዊው ቤክ ስለዚያ ገበያ ጽፏል። ሚስ ዋትሰን በጂም 800 ዶላር እንደቀረበላት፣ እዚህም ሰው በአሞሌና በብር ይገመት ነበር። ባሪያ ነጻ የማውጣት አዋጁ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ነው፤ ባርነት ጨርሶ የታገደው በ1934 ዓ.ም.። አያቶቻችን የደረሱበት ነገር ነው።

ሃክ ባሪያ መርዳት ኃጢአት ነው ብሎ ያምናል፤ ያስተማሩት እንደዚያ ነው። ጂም ያለበትን ለሚስ ዋትሰን የሚያሳውቅ ደብዳቤ ጽፎ ሲያበቃ፣ «እንግዲያው ሲኦል እገባለሁ» ብሎ ይቀድደዋል። የእኛም ፍትሐ ነገሥት ስለ ባሪያ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ነጻ ማውጣትን ቢያመሰግንም ባርነቱን አልሻረም። ሕግም ቤተ ክህነትም ልክ ነው ያሉትን አንድ ያልተማረ ልጅ ብቻውን እንዴት ስህተት ይበል? ሃክ አላለውም። ስህተተኛው እኔ ነኝ ብሎ ነው የረዳው። እኔ እዚህ ላይ እሱን ለመውቀስ አንጀቴ እምቢ ይለኛል።

ጓደኝነቱን በተመለከተ፣ እረኛ የነበረ ሰው ያውቀዋል። የባላባት ልጅና የአሽከር ልጅ ሜዳ ላይ ከአንድ እፍኝ ቆሎ ይበላሉ፣ ይታገላሉ፣ አንዱ ለሌላው ዱላ ይመዛል። ማታ ግን አንዱ ከገበታው፣ አንዱ ከጓዳ። የሜዳው ፍቅር ውሸት አልነበረም። ማታ የሚሆነውን ግን አልቀየረውም።

መምህር ዘማርቆስ፦

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ባሶን በቀጥታ ነው የማነሳላቸው። የሞጣዋ እህቴ፣ ቅዳሜ ምዕራፍ 16ን በጂም አፍ እንዲጽፉት አደርጋለሁ፤ ልጅቷ ቀድማ እንደምትጽፍ አልጠራጠርም። ከዚህ ቀጥሎስ ምን ላንብብላቸው? ስለ ባርነት የተጻፈውን ልቦለድ፣ የአጎት ቶም ጎጆን አስቤ ነበር።

የሞጣዋ አንባቢ፦

እሱ ይቆይዎት፣ ረጅም ነው፣ ስብከትም ይበዛዋል። ልቦለድ ባይሆንም ከባርነት ያመለጠውን የፍሬድሪክ ዳግላስን የ1845 (እ.ኤ.አ.) የሕይወት ታሪክ ያስቀድሙ፤ አጭር ነው፣ ኢንተርኔት ላይም በነጻ አለ። ምዕራፍ 7 ላይ ዳግላስ ገና ልጅ ሆኖ፣ ባልቲሞር ውስጥ ለተራቡ ነጭ የሰፈር ልጆች ዳቦ እየሰጠ በምትኩ ማንበብ ይማርባቸዋል። ስማቸውን ልጠራ ይቃጣኛል ግን አልጠራም ይላል፣ ባሪያ ማስተማር ይቅር የማይባል ጥፋት ስለነበር እንዳይቸገሩ። እዚያ ውስጥ ሊያሳብቅ የቀዘፈ የለም። ልጅቷን እሱን ካነበበች በኋላ ደግመው ይጠይቋትና እዚህ ይጻፉልን።