ለፋሲካ አስቀድሞ የተገዛ እንቁላል ሳይበላሽ እንዴት ይቆያል?

የድሬ እናት (ድሬዳዋ)
ሰላም ለሁላችሁ። በበዓሉ ሰሞን የእንቁላል ዋጋ ስለሚንር፣ ለዶሮ ወጡ የሚሆነኝን ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብዬ ገዝቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። የምገዛው የሐበሻ እንቁላል ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ኩስና ላባ ተጣብቆበት ይመጣል። የከተማችንን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ መብራትም አልፎ አልፎ ይጠፋል። አጥቤ ፍሪጅ ላስገባው ወይስ እንዳለ ላስቀምጠው? የጎረቤቶቼ ምክር የተለያየ ስለሆነ የምታውቁ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ዶሮ አርቢ (ቢሾፍቱ)
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አይጠቡት። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይለዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዶሮዋ ስትጥለውም እነዚህን የሚደፍን ስስ ሽፋን ለብሶ ይወጣል። ሲታጠብ ይህ ሽፋን ይለቃል፤ ውኃው ከእንቁላሉ ይልቅ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ የውስጡ ስለሚኮማተር ላዩ ላይ ያለውን ባክቴሪያ፣ ሳልሞኔላን ጨምሮ፣ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ኩሱን በደረቅ ጨርቅ ወይም በለስላሳ ብሩሽ ያስለቅቁት፤ የተሰነጠቀውን ግን ጨርሶ አያስቀምጡት።

የሐበሻ ዶሮ ከአውራው ጋር ስለምትውል እንቁላሏ አብዛኛውን ጊዜ ጫጩት ሊሆን የሚችል ነው። ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ሲሰነብት ጽንሱ ማደግ ይጀምራል፤ ተሰብሮ የደም ክር የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ለድሬዳዋ ፍሪጅ የግድ ይመስለኛል። በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርገው በካርቶኑ እንዳለ ይደርድሩት፤ የአየር ኪሱ በደልዳላው ጫፍ በኩል ስለሆነ አስኳሉ መሐል ላይ ይቆይልዎታል። ከተላጠ ሽንኩርት ያርቁት፤ ሽታ ይስባል። መብራት ሲጠፋ በሩን ካልከፈቱት ቅዝቃዜው ወደ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል።

የጓዳ ሰው (ደብረ ብርሃን)
እናቶቻችን ጤፍ ወይም ገብስ ውስጥ ቀብረው ያቆዩት ነበር፤ እንደኛ ባለ ብርዳም አገር ዛሬም ይሠራል፣ ለቆላ ግን አልመክርም።

ስለ ዶሮ ወጡ ካነሡ አይቀር፣ ሁለት ሳምንት ማቆየትዎ ይጠቅምዎታል። ገና የተጣለ እንቁላል ተቀቅሎ ሲላጥ ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተገነጠለ ይጎዳል። ሲሰነብት ግን በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዳዳዎቹ እየወጣ ስለሚሄድ ነጩ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን በቀላሉ ይላቀቃል፤ ወጡ እንዲዘልቀው በቢላዋ ጫር ጫር ሲያደርጉትም ቅርጹን እንደያዘ ይቆያል።

ስደተኛዋ (ቨርጂኒያ)
አሜሪካ የምታነቡም ካላችሁ፣ እዚህ መደብር የሚሸጠው እንቁላል ታጥቦ ስለሚመጣ ያ ሽፋን የለውም፤ ስለዚህ ከፍሪጅ ውጪ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። አንዴ የቀዘቀዘ እንቁላል፣ የታጠበም ይሁን ያልታጠበ፣ ሙቀት ውስጥ ሲወጣ ያልበዋል፤ እርጥበቱም ለባክቴሪያ መግቢያ ስለሚሆን እያወጡ መመለስ ጥሩ አይደለም።

የድሬ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዋዜማው የተበላሸውን በምን ልለየው? ቀቅዬስ ባሳድረው?

ዶሮ አርቢ
ሊቀቅሉ ሲሉ ብቻ ውኃ ውስጥ ይክተቱት። በጎኑ የሚተኛው ትኩስ ነው፤ የሚቆመው ሰንብቷል፣ ግን ይበላል። የሚንሳፈፈውን ለብቻ በስኒ ሰብረው ያሽትቱት፤ መጥፎ ሽታ ካለው ይጣሉት። የተቀቀለው ሳይላጥ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ስለሚቆይ፣ ዓርብ ማታ ቢቀቅሉት ለቅዳሜ ሌሊት ይደርስልዎታል።