የሚንከባለለው ድንጋይ ወቀሳ ነው ወይስ ምስጋና?

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ ማታ ማታ ለአዋቂዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀን በሱቅና በቡና መጋዘን የሚውሉ ናቸው፤ ተረትና ምሳሌ ሲነሳ ግን ድካማቸውን ይረሳሉ። «አውት ኦፍ ሳይት፣ አውት ኦፍ ማይንድ» ከእኛው «ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ጋር ሲገጥምላቸው ደስታቸው ልክ የለውም። «ሮም በአንድ ቀን አልተገነባችም» የሚለውንም ቀስ በቀስ በእግሯ በምትሄደው እንቁላል አስረድቼ አልፌአለሁ።

የተቸገርኩት «ኤ ሮሊንግ ስቶን ጋዘርስ ኖ ሞስ» ላይ ነው። የሚንከባለል ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ልባስ አይበቅልም ማለት ነው። በጅማ ክረምት በየአጥሩ ድንጋይ ላይ የሚለጠፈውን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥያቄው ልባሱ ሀብት ነው ወይስ ዝገት የሚለው ነው። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሄይዉድ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የተረትና ምሳሌ ስብስብ ውስጥ የሚገኘው ይህ አባባል፣ በጥንቱ ፍቺው ቦታና ሥራ የሚቀያይር ሰው ጥሪት አይቋጥርም የሚል ወቀሳ ነው። ዛሬ ብዙዎች ገልብጠው፣ የሚንቀሳቀስ ሰው አይዝግም ይሉበታል።

አንዱ ተማሪዬ፣ «ታዲያ እኔ ከአጋሮ ጅማ መምጣቴ ተወቀሰ ወይስ ተመሰገነ?» ብሎ አፋጠጠኝ። መልስ አልነበረኝም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች መካከል የኖራችሁ፣ በዕለት ንግግር የምትሰሙት የትኛውን ነው? ሁለቱም ፍቺዎች በፈተና ምርጫ ውስጥ ቢመጡ ተማሪው የቱን ይምረጥ? እንዲህ ሁለት ፊት ያላቸው ሌሎች አባባሎች ካሉም አስቀድማችሁ ብታስጠነቅቁኝ ውለታ ነው።