ከፕሮክስሞክስ ባክአፕ ውስጥ አንድ ፎልደር ብቻ በስክሪፕት ስለ መመለስ

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የመሥሪያ ቤታችን የፋይል ሰርቨር በፕሮክስሞክስ (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ላይ የሚሠራ የኡቡንቱ ቨርቹዋል ማሽን ሲሆን፣ ሌሊት ሌሊት በቪዚዳምፕ (በፕሮክስሞክስ የባክአፕ መሣሪያ) ባክአፕ ይወሰድለታል፤ ባክአፑም በዚስታንዳርድ (በፋይል ማመቂያ ፕሮግራም) የታመቀ የቪኤምኤ ፋይል፣ ማለትም የፕሮክስሞክስ የባክአፕ ፋይል ዓይነት ነው። ትናንት ከሒሳብ ክፍል ፎልደሮች አንዱ ተሰርዟል። ሙሉውን ማሽን ብመልስ ሌሎቹ ክፍሎች ከዚያ ወዲህ የሠሩት ሁሉ ስለሚጠፋ፣ የምፈልገው ያንን ፎልደር ብቻ ነው። ፋይል ነጥሎ የመመለሻው ምርጫ ግን ለዚህ ዓይነቱ ባክአፕ አይታየኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣብኝ ሥራውን በባሽ (በሊኑክስ የትዕዛዝ መስመር) ስክሪፕት ላደርገው አስቤአለሁ። ከየት ልጀምር? ምንስ ልጠንቀቅ?

መልስ፦
ሰላም ለእርስዎም ይሁን። ያ ምርጫ የሚታየው ባክአፑ የተቀመጠው በፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር ላይ ከሆነ ነው። የቪኤምኤ ፋይል የዲስኩን ብሎኮች እንጂ ፋይሎችን ለይቶ ስለማያውቅ በመጀመሪያ ዲስኩ ከውስጡ መውጣት አለበት። ዚስታንዳርድ የሚፈታውን በፓይፕ (የአንዱን ትዕዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መንገድ) ወደ ቪኤምኤ ኤክስትራክት ትዕዛዝ ያስተላልፉት። የመድረሻውን ፎልደር አስቀድመው አይፍጠሩት፤ ትዕዛዙ ራሱ ይፈጥረዋል፣ ካለ ደግሞ አልሠራም ብሎ ይቆማል። ቦታም ያዘጋጁ፤ የሚወጣው የታመቀው ፋይል ሳይሆን ዲስኩ ራሱ ነው።

ከወጣ በኋላ በጌስትማውንት (የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ በሚከፍት መሣሪያ)፣ ለንባብ ብቻ በሚለው አማራጭ ይክፈቱት። በሉፕ ወይም በኪውኢኤምዩ ኤንቢዲ (የዲስክ ፋይልን በማሽኑ ላይ እንደ ዲስክ በሚያሳዩ መንገዶች) መክፈትም ይቻላል፤ እኔ ግን ጌስትማውንትን የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። የኡቡንቱ ሰርቨር ጫኝ ለኤልቪኤም (ዲስኮችን በቡድን አድርጎ ለሚያከፋፍል ሥርዓት) ቡድን የሚሰጠው ስም በተለምዶ ኡቡንቱ-ቪጂ ነው። ዲስኩን የሚከፍቱበት ማሽንም ኡቡንቱ ከሆነ ሁለት ቡድኖች በአንድ ስም ይጋጫሉ። ጌስትማውንት ዲስኩን የሚከፍተው በራሱ ትንሽ ማሽን ውስጥ ስለሆነ ይህ ግጭት አይደርስበትም። ፎልደሩ ያለው ስርዓተ ክወና በሌለበት የዳታ ዲስክ ላይ ከሆነ ግን ራሱ መርምሮ እንዲከፍት የሚያዘው አማራጭ አይሠራም፤ ያን ጊዜ በቨርት ፋይልሲስተምስ ትዕዛዝ የዲስኩን ክፍልፋዮች አይተው የትኛው እንደሚከፈት ራስዎ ይጻፉለት።

ሌላ መልስ፦
ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ስክሪፕቱ ልጨምር፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነውና።

ማውንቱ (ዲስኩን ከፍቶ በአንድ ፎልደር ውስጥ ማሳየቱ) ሳይሳካ ስክሪፕቱ ቢቀጥል የማውንት ቦታው ባዶ ፎልደር ሆኖ ይቆያል። አርሲንክም (ፋይሎችን የሚቀዳው መሣሪያ) ያንን ባዶ ፎልደር እንደ ምንጭ ይወስደዋል። በዚህ ላይ ዲሊት የሚለው አማራጭ ካለበት፣ በመድረሻው ያለውን ሁሉ ከባዶው ጋር ለማመሳሰል ሲል ያጠፋዋል፤ ማለትም አንድ ፎልደር ሊመልስ የተጻፈ ስክሪፕት የቀሩትንም ይዟቸው ይሄዳል። ስለዚህ ዲሊትን ለእንዲህ ያለ ሥራ ፈጽመው አይጠቀሙበት። ከመቅዳትዎም በፊት በማውንትፖይንት ትዕዛዝ ቦታው በእርግጥ ማውንት መደረጉን፣ ከዚያም የሚፈልጉት ፎልደር በውስጡ መኖሩን ስክሪፕቱ ይፈትሽ፤ አንዱ እንኳ ካልተሟላ ይቁም።

በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ ስሕተት ሲያጋጥም የሚያስቆመውን የሴት አማራጭ ያስገቡ፤ ፓይፕፌይልም አይቅር። ፓይፕፌይል ከሌለ ባሽ የሚያየው የፓይፑን የመጨረሻ ትዕዛዝ ውጤት ብቻ ስለሆነ፣ ዚስታንዳርድ መሐል ላይ የተበላሸ ፋይል አግኝቶ ቢወድቅ ላያውቁት ይችላሉ። ጌስትአንማውንትን (ዲስኩን መልሶ የሚዘጋውን ትዕዛዝ) ደግሞ በትራፕ (ስክሪፕቱ ሲያበቃ የተሰጠውን ትዕዛዝ በሚያስኬደው) ይሰሩት፤ ስክሪፕቱ በምንም ምክንያት ቢቋረጥ ዲስኩ ተከፍቶ አይቀርም።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዲስኩ ወጥቶ ፎልደሩ ታይቶኛል። አሁን በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ልቅዳው ወይስ በሌላ ቦታ ላሳርፈው? ፎልደሩ ላይ ለተለያዩ ሠራተኞች የተለያየ ፈቃድ ተሰጥቶ ነበር።

ሌላ መልስ፦
በቀጥታ አይቅዱት። በዚያው ሰርቨር ላይ አዲስ ስም ባለው ፎልደር ያሳርፉት፤ የሒሳብ ክፍል ሰዎች ከተሰረዘ በኋላ በዚያው ስም አዲስ ፎልደር ከፍተው መሥራት ጀምረው ሊሆን ይችላል። አርሲንክን በመጀመሪያ በሙከራ ብቻ ያስኪዱትና ሊቀዳቸው ያሰባቸውን ፋይሎች ዝርዝር ያንብቡ። ከምንጩ ስም መጨረሻ ላይ ያለችውን እዝባርም (/) ልብ ይበሉ፤ ካለች የሚቀዳው የፎልደሩ ይዘት ነው፣ ከሌለች ፎልደሩ ራሱ ነው።

የባለቤትነቱን ነገር በተመለከተ ኒውሜሪክ አይዲስ የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ አለበለዚያ አርሲንክ ባለቤቶቹን በስማቸው ሊያዛምድ ስለሚሞክር፣ በሁለቱ ማሽኖች ላይ አንድ ስም የተለያየ ቁጥር ካለው ፋይሎቹ ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። ኤሲኤል (ለየሠራተኛው ለብቻ የሚሰጥ ፈቃድ) ተጠቅማችሁ ከሆነ ደግሞ በጌትኤፍኤሲኤል (ይህን ፈቃድ በሚያሳየው ትዕዛዝ) ከጎን ካለ ያልተሰረዘ ፎልደር ጋር አስተያዩት። ፈቃዱ ሳይመጣ ከቀረ ጌስትፊሽ (የጌስትማውንት አጋር መሣሪያ) ውስጥ ባለው ታር አውት በሚባለው ትዕዛዝ፣ የኤሲኤሉን አማራጭ አብርተው ፎልደሩን እንደገና ያውጡት። ፋይሎቹን የሒሳብ ክፍል ሰዎች ራሳቸው ከፍተው እስኪያረጋግጡ ድረስም የወጣውን ዲስክ አይሰርዙት።