መርዙ መሃል የበቀሉት ኮሎኒዎች ግራ አጋብተውኛል

ሰላም ወዳጆች። ባክቴሪያ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ተገትሬያለሁ።

የምሠራው በኮሊሲን ኢ2 ነው። ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዶቹን የሚጨርስበት መርዝ ነው፤ ገብቶ ዲኤንኤያቸውን ይቆራርጣል። መርዘኛውን (መርዙን የሚሠራውን) ዘር አጋር በሚባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ጄሊ ላይ ጠብ አደረግሁ። ሲበቅል በክሎሮፎርም ትነት ገደልኩት። ከዚያ ተጋላጩን (መርዙ የሚገድለውን) ዘር በለስላሳ አጋር ቀላቅዬ ከላይ አፈሰስኩ።

በማግስቱ ጥርት ያለ ክብ ወጣ፤ ተጋላጩ እዚያ ሞቷል ማለት ነው። እንዴት ደስ እንዳለኝ! በሁለተኛው ቀን ግን ክቡ ውስጥ አራት ትንንሽ ኮሎኒዎች፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምችቶች፣ ብቅ ብለዋል። አንዷማ መርዙ ጥግ ድረስ ሄዳ ተደላድላለች።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ነው። ኢ2 የሚገባው ቫይታሚን ቢ12 በሚገባበት በር፣ በቢቱቢ ፕሮቲን በኩል ነው። በሩ ከተበላሸ መርዙ አይገባም። ስለዚህ በዚያው በር በሚገባው በኮሊሲን ኢ1 ሞከርኳቸው። አራቱም ሞቱ! በሩ ደህና ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ቀረ? ወይ ኢ2ን ወደ ውስጥ የሚያሻግረው ሌላ ፕሮቲን፣ ኦምፒኤፍ፣ ተበላሽቷል፤ ወይ የመርዙንና ከመርዙ የሚከላከለውን ፕሮቲን ጂን የያዘው ፕላዝሚድ (ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) አላቸው። ሦስተኛው ትንሽ ያሳፍራል፦ ከክሎሮፎርሙ የተረፈው ራሱ መርዘኛው ይሆን?

ጂኑን በቀጥታ ለመፈለግ ፒሲአር (ዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ) ለጊዜው የለኝም። ኮሎኒዎቹን አጥርቼ በተጋላጩ ዘር ላይ ጠብ ባደርጋቸውና ክብ ቢያወጡ፣ ፕላዝሚዱ እንዳላቸው ይበቃል? ከሆነስ መርዘኛውን ከተጋላጩ በምን ልለየው? ሁለቱም ምንም የአንቲባዮቲክ ምልክት (ለመለያ የሚያገለግል መድኃኒት የመቋቋም ጂን) የላቸውም። እንዲህ የገጠመው ሰው ካለ ያደረገውን ይንገረኝ።