«ሂር»ን አይታችሁ ያለቀሳችሁ አላችሁ?

የፒያሳ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን የሮበርት ዜሜኪስን ፊልም «ሂር» ትናንት ማታ አየሁት። ሃሳቡን ገና ስሰማ ነው የወደድኩት። ካሜራው አንድ ሳሎን ውስጥ ተተክሎ ቀርቷል። ቶም ሃንክስና ሮቢን ራይት እዚያው ይጋባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ያረጃሉ። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ መስኮቶች እየተከፈቱ አንዱ ዘመን ከሌላው ውስጥ ብቅ ይላል። ከዳይኖሰር እስከ ኮሮና!

ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር የተቀመጥኩት። ያደግኩበት ቤት ፈርሷል። አባቴ ያረፈው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው። የእህቴ ሽማግሌዎች የተቀመጡትም እዚያው ሶፋ ላይ። ፊልሙ ለእኔ የተሠራ መስሎኝ ነበር። ግን እንባ ጠብ አላለልኝም። ሥራውን አድንቄ ተኛሁ፣ በቃ። ለምን ይሆን?

ካሜራማን፦
ሠርግ እቀርጻለሁ። ሙሽራዋ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ካሜራዬን ጥግ ላይ ተክዬ ብቀር፣ ቪዲዮውን አይቶ ማን ያለቅሳል? ወደ እናትየው ፊት መጠጋት አለብኝ። እዚህ ግን ሰዎቹ ወደ ካሜራው የሚጠጉት አልፎ አልፎ ነው። ሃንክስንም በኤአይ ወጣት ሲያደርጉት ቆዳው ለሰለሰ፤ ድምፁና አካሄዱ ግን የትልቅ ሰው ነው። ዓይን ደግሞ አይታለልም።

ማሂ፦
ለእኔ ችግሩ ጥድፊያው ነው። ሪቻርድ (ሃንክስ የሚጫወተው ባልየው) ሥዕሉን ትቶ ኢንሹራንስ ሻጭ ሲሆን፣ ገና ማዘን ስትጀምሪ የሌላ ሰው ታሪክ ይመጣል። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይቀመጡ እንደ መውጣት ነው። ባልና ሚስቱ ብቻ ይበቁ ነበር።

የአዳማዋ፦
እኔስ አልቅሻለሁ። (ያላያችሁት ይህን እለፉት።) መጨረሻ ላይ ማርጋሬት (ሮቢን ራይት የምትጫወታት ሚስት) ማስታወስ ተስኗት ባዶው ሳሎን ውስጥ ትቀመጣለች። ባሏ ስለ ልጃቸው ሪባን ሲያነሳላት ትዝ ይላታል። ካሜራው ከቦታው የሚነቃነቀው ያኔ ብቻ ነው። እናቴ ስሜን ከረሳች ሁለት ዓመት ሆናት። ስለዚህ እኔን አትቁጠሩኝ።

የፒያሳ ልጅ፦
አይዞሽ እህቴ፣ እንዴት አንቆጥርሽም። ያቺን ትዕይንት አሁን ደግሜ አየኋት። ለካ ፊልሙን ሙሉ ስጠብቅ የነበረው ካሜራው ዞር እንዲልልኝ ነው። የእኛ ሳሎን ፎቶ ሁሉ የተነሳው ከአንድ ጥግ ነው፤ ከፎቶ አንሺው ጀርባ የኩሽናው በር ነበር። እናቴ ቡናውን ይዛ የምትገባው በዚያ ነው። አንድም ፎቶ ላይ የለም።